የተቆጠረ ጎመን

ሂርና ላይ መብራት የጠፋው ረቡዕ ከሰዓት ነው። ሐሙስ ሙሉውን ቀን አልመጣም። አርብ ጠዋት እናቴ ደወለችና ሰላምታውን እንኳን ሳንጨርስ “ያ የገዛኸው ነገር እያለቀሰ ነው” አለችኝ። ፍሪዘሩን ማለቷ ነው። ከበሩ ሥር ውሃ መንጠባጠብ ጀምሯል።

እኔ አዲስ አበባ ኮምፒውተሬ ፊት ተቀምጬ የማውቀውን ነገርኳት። በሩ ካልተከፈተ ሙሉ ፍሪዘር እስከ 48 ሰዓት ድረስ ቅዝቃዜውን ይይዛል፣ ግማሽ ከሆነ ግን ከ24 ሰዓት ብዙ አያልፍም። “ሙሉ ነው ወይስ ግማሽ?” አልኳት። “ጥር እኮ ነው ልጄ፣ ግማሽ ነው።” እንግዲያው ሰዓቱ አልፏል። “በቃ ሳይበላሽ ለጎረቤት ስጪው” አልኩ። ዝም አለች። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ “ሃሎ?” ስል፣ “ለማን?” አለችኝ።

ይህን የሚያስጽፈኝ ያ “ለማን” ነው። ከሠላሳ ዓመት በላይ በኖረችበት ሰፈር፣ አጥር ተደግፋ ስታወራ ባደግኩበት ግቢ፣ እናቴ አንድ ሳፋ ጎመን የምትሰጠውን ሰው ለማግኘት ማሰብ ያስፈለጋት ምን ሆኖ ነው? በዚህስ ውስጥ የእኔ እጅ ምን ያህል አለበት?

ሂርናን ለማያውቅ፦ ከአዲስ አበባ ወደ ሐረር የሚወስደው መንገድ አሰበ ተፈሪን፣ ዛሬ ጭሮ የምንላትን፣ አልፎ በተራራው ሲሄድ የሚያገኛት ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ በመኪና ተነስቶ ቁልቢ ገብርኤል የሄደ ሰው፣ የታኅሣሥ 19ም ይሁን የሐምሌ 19፣ በመሀሏ አልፏል። ብዙው ግን ሻይ ለመጠጣት ወይ ጫት ለመግዛት ካልሆነ አልቆመም።

ጓሯችን ትልቅ አይደለም። ከኩሽናው ጀርባ ጎመን፣ ቃሪያ፣ ቲማቲም፣ ጥቂት መደብ ነጭ ሽንኩርት፤ በአጥሩ ሥር ደግሞ ጤና አዳም፣ በሶብላና ድንብላል አለ። በክረምቱ መጨረሻ፣ ከነሐሴ እስከ ጥቅምት መግቢያ፣ የተማከረ ይመስል ሁሉም ባንዴ ይደርሳል። ጎመን ደግሞ አይጠብቅም። ዛሬ ያልቀጠፍከው ነገ ይጠነክራል፣ የቀጠፍከው ማታውኑ ይጠወልጋል። ልጅ ሆኜ ሥራዬ ይሄ ነበር፤ የቀጠፈችውን በሳፋ ይዤ ቤት ለቤት ማዞር። መጀመሪያ የምሄደው በአጥር የምንዋሰናት ጎረቤታችን ጋ ነው። እማማ ነው የምንላት። (እኛ አገር አንቱታ ብዙም አልለመደብንም። ከእናቴ በዕድሜ የምትበልጥን ሴት “አንቺ” ስል አዲስ አበባ ያሉ ጓደኞቼ ይደነግጣሉ። ንቀት አይደለም፣ አቦ፣ ቅርበት ነው።)

እማማ ሙስሊም ናት፣ እኛ ክርስቲያኖች ነን። ሂርና ላይ ይሄ ወሬ የሚሆን ነገር አይደለም፤ ለያዝነው ጉዳይ ግን አንድ ትርጉም አለው። የእሷን ሥጋ እኛ አንበላም፣ የእኛንም እሷ አትበላም። በዓል ሲመጣ ሥጋው በየቤቱ ይቀራል። አጥሩን የሚሻገረው ሌላው ነው፦ ጎመን፣ ቃሪያ፣ የበቆሎ እሸት፣ ጥንቅሽ፣ ዳቦ፣ ቡና፣ በረመዳን ከእሷ ቤት የሚመጣው የምስር ሳምቡሳ። ማንም ቁጭ ብሎ ያወጣው ሕግ የለም። አትክልት ማንም ሳይጠይቅ፣ ማንም ሳይሳቀቅ የሚያልፍ ምግብ ነበር።

ፍሪዘሩን የገዛሁላት ከሦስት ዓመት በፊት፣ ሥራ ይዤ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠቀም ያለ ቦነስ ሳገኝ ነው። ባለ አራት መሳቢያ፣ ከድሬዳዋ በአይሱዙ ተጭኖ መጣ። ምክንያቴ ቀላል ነበር። በመስከረም ተርፎ ለዶሮና ለላም የምትደፋውን ጎመን፣ ዐቢይ ጾም ሲገባ ከገበያ በውድ ትገዛዋለች። ይሄ ለእኔ የአሠራር ስህተት ነበር፣ ስህተት ደግሞ ይታረማል። እኛ ከምንጽፈው ፕሮግራም ብዙው እኮ ይሄው ነው፤ ዳግም የሚፈለግን ነገር አጠገብህ አስቀምጥ፣ ለሁለተኛ ጊዜ ሩቅ አትሂድ።

ፍሪዝ ማድረግ ግን ዝም ብሎ መሳቢያ ውስጥ መክተት አይደለም። የመጀመሪያውን ዓመት በጥሬው ያስገባነው ጎመን ከሁለት ወር በኋላ ሲወጣ ወይቦ፣ ሣር ሣር እያለ ነበር። ቅጠሉ ከተቀጠፈ በኋላም በውስጡ ያሉት ኢንዛይሞች ሥራቸውን ይቀጥላሉ፤ ብርዱ ያዘገያቸዋል እንጂ አያቆማቸውም። ስለዚህ ጎመኑ መጀመሪያ በፈላ ውሃ ለሁለት ደቂቃ ያህል ይነከራል፣ ወዲያው ወጥቶ በቀዝቃዛ ውሃ ይበርዳል፣ ይጨመቃል፣ ለአንድ ጊዜ በሚበቃ መጠን በፌስታል ይታሰራል። ቃሪያ ይሄ ሁሉ አያስፈልገውም፤ ታጥቦ፣ ውሃው ጠፍፎ፣ ተከትፎ ይገባል። ቲማቲም ሲወጣ ይፈርሳል፣ ለሰላጣ አይሆንም፣ ለቁሌት ግን ማን ያየዋል። በሶብላው ጠቁሮ አስቸገረን፤ በመጨረሻ ከትፈን፣ ዘይት አልብሰን፣ በበረዶ መሥሪያው ትሪ ውስጥ ስናደርገው ሽታውን ይዞ ቆየ። ጤና አዳምን ግን እናቴ እንቢ አለች። “እሱ ቡና ላይ ትኩሱን ካልሆነ ምኑን ጤና አዳም ሆነ” ብላ እስካሁን ከአጥር ሥር ትቀጥፋለች።

ቲማቲሙን የሚያፈርሰው የበረዶው ቅንጣት ነው። ውሃ ቀስ ብሎ ሲበርድ ትላልቅ ቅንጣቶች ይሠራል፣ እነሱም የአትክልቱን ሕዋስ ይቀዱታል። ቶሎ ከበረደ ቅንጣቶቹ ደቃቅ ይሆናሉ፣ ጉዳቱም ይቀንሳል። ይህን ወደ ገበያ ያወጣው ክላረንስ በርድዛይ የተባለ አሜሪካዊ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1912 ጀምሮ፣ ዛሬ የካናዳ በሆነችው ላብራዶር ሲኖር፣ የአገሬው ኢኑይቶች ያጠመዱት ዓሣ ከውሃ እንደወጣ በዚያ ብርድ ወዲያው ሲደርቅ፣ ከወራት በኋላ ሲበላም ጣዕሙን እንዳልለቀቀ አየ። በ1930 በማሳቹሴትስ፣ ስፕሪንግፊልድ ከተማ ሱቆች ውስጥ ፍሪዝ የተደረገ አትክልት፣ ሥጋና ዓሣ ለሽያጭ ቀረበ። ለኢኑይቶቹ ብርዱ የማንም አልነበረም፣ ደጅ ነበር። ሳጥን ውስጥ ገብቶ ቆጣሪ የተገጠመለት በኋላ ነው።

ከዚያ እኔ የባሰውን አደረግኩ። ቆጠርኩት። በየፌስታሉ ላይ ቀን የተጻፈበት ወረቀት ለጠፍኩ፣ ስልኳ ላይ ሠንጠረዥ ሠራሁላት፦ ጎመን 34፣ ቃሪያ 20፣ ቁሌት 12። ስታወጣ ትቀንሳለች፣ ስታስገባ ትጨምራለች። እናቴ የሰፈሩን ዕቁብ ስትጽፍ የኖረች ሴት ናት፤ ሠንጠረዡን ከእኔ በላይ ወደደችው።

ጓሮ ውስጥ ያለ ጎመን አይቆጠርም። ስንት ቅጠል አለህ ብትባል ትስቃለህ። ጎረቤት “ትንሽ ጎመን” ሲል ገብቶ ይቀጥፋል፣ ከቀናት በኋላ ቦታው በሌላ ቅጠል ተተክቶ ታገኘዋለህ። ከመሳቢያ የሚወጣ ጎመን ግን ከ34 ላይ የሚነሳ አንድ ነው። 33 ይሆናል፣ 33 እንደሆነም ይቀራል። ያው ጎመን ነው፣ የተከለውም ያው እጅ ነው። የተለወጠው የመስጠት ሒሳብ ነው። ድሮ ኪሳራው አለመስጠት ነበር፣ አሁን መስጠት ሆነ።

እናቴ ንፉግ ሆነች እያልኩ አይደለም። ለንፉግነት የሚያስፈልገው ሐሳብ እንኳን አልነበራትም። በመስከረም በሳፋ ይዞር የነበረው ወደ ፈላው ድስት ገባ፣ በቃ። ማንም ማንንም አልከለከለም። ሳፋውን ይዞ የሚዞረው ልጅም ቤት የለም፤ አዲስ አበባ ገብቶ ሠንጠረዥ ይሠራል።

በነዚሁ ዓመታት እማማ ጓሮዋን ጫት ተከለችበት። ማን ይፈርድባታል? ጎመን ቢሸጥ የሳሙና መግዣ ነው፤ ጫት የልጅ ልጆቿን ያስተምራል። የእኛንም ፍሪዘር ቢሆን ያለ ጫት አላሰብኩትም። ሱቁ፣ ትራንስፖርቱ፣ የጭነት መኪናው፣ ሁሉም በዚያ ቅጠል ዙሪያ የሚሽከረከር ከተማ ነው ያሳደገኝ። እና ይሄ ሁሉ ኑሮ የተንጠለጠለው “ትኩስ” በምትል አንዲት ቃል ላይ ነው። ማለዳ ይቆረጣል፣ በቅጠል ይጠቀለላል፣ ውሃ ይረጭበታል፣ መኪናው ሰው ከብት ሳይል ይበራል። ነገሩ ኬሚስትሪ ነው። ካቲኖን የተባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1975 ከቅጠሉ ተለይቶ የታወቀው ንጥረ ነገር፣ ቅጠሉ ሲጠወልግ በሁለት በሦስት ቀን ውስጥ ወደ ደካማ ነገር ይለወጣል። ማታ የሚተርፈው ገራባ ለፍየል፣ አለዚያም መግዣ ለሌለው ሰው ይደርሳል። ለገራባ ዋጋ የሚጠይቅ ሰው አይቼ አላውቅም።

ገራባው ነው ቆይቶ ያነቃኝ። በሚበሰብስ ነገር ዳር ሁልጊዜ የሚጠብቅ ሰው ወይም እንስሳ አለ። መበስበስ ራሱ አከፋፋይ ነው። ሕግ ሳያወጣ፣ ሳይሰብክ፣ ሰዓቱ ሲደርስ ከእጅህ ያስወጣሃል። ያንን አከፋፋይ ከሥራው ስናሰናብተው ማን ይተካዋል?

ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ በምርጫ የወሰድኩት አንድ የፍልስፍና ኮርስ ነበር፤ ለነጥብ ብዬ ነው የገባሁበት። ከዚያ የቀረኝ ጆን ሎክ ነው። እንግሊዛዊው ሎክ እ.ኤ.አ. በ1689 ስለ መንግሥት ባሳተመው መጽሐፉ፣ ሰው ከተፈጥሮ የሚወስደውን የራሱ የሚያደርገው በድካሙ ነው ይላል፤ ገደብ ግን አለው። ለሌላው በቂ መቅረት አለበት፤ የወሰደውም በእጁ መበስበስ የለበትም። ከበሰበሰበት ከድርሻው በላይ፣ የሌላውን ወስዷል። ቀጥሎ አንድ ምሳሌ ያመጣል። በሳምንት የሚበሰብሰውን ፕሪም ሰጥቶ ዓመት የሚቆይ ለውዝ የተቀበለ ሰው ማንንም አልበደለም። ከዚያ ገንዘብ ይመጣል፤ ገንዘብ አይበሰብስም፣ የመበስበሱም ገደብ በዚያው ይነሳል።

ሎክ ፍሪዘር አላየም። ፍሪዘር ፕሪሙን ለማንም ሳይሰጥ ለውዝ የሚያደርግ ሳጥን ነው። በሎክ ሚዛን እናቴ ንጹሕ ናት፤ አንድ ቅጠል አልበሰበሰባትም። ለዶሮ ይደፋ ከነበረው አንጻርማ ጻድቅ ናት። ለሌላው በቂ ይቅር የሚለውም አልተነካም፣ የእማማን መሬት አልወሰድንም። ሁሉም ሒሳብ ይገጥማል። ግን የሎክ ሰው ፍሬ የሚለቅመው ጫካ ውስጥ ብቻውን ነው። አጥር ላይ ተደግፎ “ዛሬ ምን ሠራሽ?” የሚለው የለም።

ቤተ ክርስቲያን ያደገ ሰው ደግሞ መናው ትዝ ይለዋል፣ ኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 16። ለነገ ብለው ያሳደሩት ተልቶ ሸተተ። ልጅ ሆኜ ትምህርቱ ግልጽ ነበር፤ አታከማች። አሁን ሳነበው ግን እዚያው ምዕራፍ ውስጥ ያልተላ መና ሁለት ቦታ አገኛለሁ። ለሰንበት ተብሎ በዋዜማው እጥፍ የተሰበሰበው አልተላም። ለሚመጣው ትውልድ እንዲታይ በዕቃ ተደርጎ የተቀመጠውም አለ፤ እመቤታችንን የምንመስልበት መሶበ ወርቅ እሱ ነው። ስለዚህ ነገሩ ማስቀመጥ ወይም አለማስቀመጥ አይመስለኝም። ለየትኛው ቀንና ለማን የሚለው ነው።

የበለጠ የረዳኝ ግን ከወዲያኛው አጥር የመጣ ነው። የእማማ ልጅ አብሮ አደጌ ነው። ይህን ሳጫውተው አንድ ሐዲስ ነገረኝ፤ ቡኻሪም ሙስሊምም የዘገቡት ነው። አንድ ዓመት በዒድ አል-አድሐ ጊዜ የተቸገሩ የገጠር ሰዎች ወደ መዲና መጡ። ነቢዩ መሐመድም የኡዱሒያውን ሥጋ ማንም ከሦስት ቀን በላይ እንዳያስቀምጥ ከለከሉ። በዓመቱ ሰዎቹ ያው ክልከላ ይቀጥል እንደሆነ ሲጠይቁ ግን፣ እንዲበሉም፣ እንዲሰጡም፣ እንዲያስቀምጡም ፈቀዱላቸው፤ የአምናው በሰው ችግር ምክንያት ነበር።

ይሄንን ደጋግሜ አስቤዋለሁ። ሦስቱ ቀን ከሥጋው የተለካ አይደለም፤ ሥጋው በሁለቱም ዓመት ያው ሥጋ ነው። የተለካው በር ላይ ከቆመው ሰው ነው። የፍሪዘሩ ቴርሞስታት 18 ዲግሪ ከዜሮ በታች መሆኑን ያውቃል፣ በሩ ላይ ማን እንዳለ አያውቅም። የእኔም ሠንጠረዥ ለዚያ የሚሆን ዓምድ የለውም። ልጨምርለት አስቤ አውቃለሁ፣ በጣም ነው የሳቅኩት።

እዚህ ላይ ራሴን ልቃወም። በመስከረም ጎመን መስጠት ምን ያህል መስጠት ነው? ያኔ እማማም ጎመን ነበራት። ሳፋውን ይዤ ሄጄ ከእሷ ቤት ሌላ ሳፋ ይዤ የተመለስኩበት ቀን አለ፣ ያውም ጎመን! ሊበሰብስ የቀረበን ነገር ማደል ቸርነት ነው ወይስ ቤት ማጽዳት? ደግሞ ያ “ደግ ዘመን” በእናቶች ጉልበት ላይ የቆመ ነበር። ጾም በገባ ቁጥር ገበያ ለገበያ የምትንከራተተው እናቴ እንጂ እኔ አይደለሁም። አዲስ አበባ ያሉ ሴቶች እሁድ የሠሩትን ቁሌት በየዕቃው ፍሪዝ አድርገው ሳምንቱን ሲሠሩበት፣ ውጭ ያሉ ዘመዶቻችን እንጀራውን ሳይቀር ሲያስቀምጡት፣ “ጎረቤት ቀረ” ብሎ የሚያለቃቅሰው ብዙ ጊዜ ሽንኩርት ከትፎ የማያውቅ ሰው ነው። እንዲያውም ፍሪዘሩ ቸርነትን እውነተኛ አደረገው ማለት ይቻላል። በጥር፣ ጎመን ሲጠፋ፣ ከ34 ላይ አንድ አንስቶ መስጠት ነው እውነተኛው ስጦታ። የሚጎድልብህን ሰጥተሃልና።

ይህን ክርክር ለወራት አምኜበታለሁ። ዛሬም ግማሹን አምነዋለሁ። የማላምነው ግማሽ እንዲህ ነው። ሰው በጥር የሚሄደው በመስከረም በሄደበት መንገድ ነው። ያ ርካሽ ጎመን፣ ያ የማያስፈልግ ልውውጥ፣ መንገዱን ሣር እንዳይበላው የሚረግጥ እግር ነበር። በርካሹ ጊዜ ሳትመላለስ ቆይተህ በውዱ ጊዜ አንድ ፌስታል ይዘህ ብታንኳኳ፣ የያዝከው ስጦታ ሳይሆን ምጽዋት ይመስላል። ተቀባዩም እንደዚያ ያየዋል። እማማ በበኩሏ የምትመልሰው ጎመን የላትም፤ ጫት ደግሞ እኛ ቤት የሚቅም የለም።

ማከማቸት ራሱ ለአገሩ እንግዳ አይደለም። የሐረርጌ ገበሬ ማሽላውን በጉድጓድ ያስቀምጣል። አፉ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ፣ እንደ እንስራ ያለ ጉድጓድ ይቆፈራል፤ እህሉ ይገባና አፉ ይታሸጋል። እህሉ ውስጥ ሆኖ ይተነፍሳል፣ ኦክስጅኑን ይጨርሳል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይበዛል፣ ነቀዙ ይታፈናል። መብራት የማይፈልግ፣ ድንቅ ሥራ ነው። ሲከፈት ግን ተቻኩሎ የገባ ሰውም ስለሚታፈን ክፍቱን ይቆያል፣ ብቻውንም የሚከፍተው የለም። አያቴ እንደነገረኝ ጉድጓድ የተከፈተ ቀን መንደሩ በሙሉ ከጠረኑ ያውቃል። አንዴ ከተከፈተ እርጥበት እንዳይገባው እህሉ መውጣት አለበትና፣ ጎረቤት ከዚያ ይበደራል፣ የራሱን ሲከፍት ይመልሳል። ዓመታት ዝም ብሎ የተቀመጠ ነገር የሚወጣው በሰው ፊት ነው። ፍሪዘር በቀን ስድስት ጊዜ ይከፈታል፣ ማንም አይሰማም። እማማ እኛ ቤት 34 ጎመን እንዳለ በምን ታውቃለች? እናቴስ እማማ በጥር ጎመን እንደምትገዛ በምን ታውቃለች?

ወደ አርቡ ልመለስ። እናቴ መሳቢያዎቹን አወጣች። ሁለተኛው መሳቢያ ውስጥ ከገና የተረፈ የበግ ሥጋ ነበር፤ ቀልጧል። ቀኑ አርብ፣ ጾም ነው፣ ቀቅሎ መብላት አይቻልም። ዘልዝላ፣ ጨው ነስንሳ፣ ቋንጣ ሰቀለችው፤ ጥር ደረቅ ነውና ይሆንላታል። ከዚያ ከሥር ካለው መሳቢያ የጎመኑን ፌስታሎች በሳፋ ደርድራ አጥሩ ጋ ሄደች። ለማን የሚለውን ለራሷ መልሳለች ማለት ነው።

እማማ መጣች፣ ተጠያየቁ፣ ስለ መብራቱ አማረሩ። እናቴ ሳፋውን ስትዘረጋ እማማ አየት አደረገችና “አላህ ይስጥሽ፣ ዛሬማ ወላሂ ገዝቼ ገባሁ” አለች። ፈገግ ብላ ነው ያለችው። ስለ ልጆቹ ትንሽ አውርተው ተለያዩ። እናቴ ኩሽና ተመልሳ ሳፋውን ስታስቀምጥ ነው ያየችው። ፌስታሎቹ ላይ ቀላ ያለ ውሃ አለ። የገናው በግ ከላይ ቀልጦ ወርዶባቸዋል።

“ጎመን ይዤ ሄጄ በግ ሰጠኋት” አለችኝ ማታ ስትደውል። ድምጿ እንዲህ ሲሆን የሰማሁት አባቴ ሲታመም ብቻ ነው። እኔ እንደ ልማዴ መፍትሔ ፈለግኩ፤ ፌስታሉ የታሰረ ነው፣ ውስጥ አልገባም፣ ቢታጠብ ይለቃል። አብሮ አደጌን ስጠይቀውም ከላይ የነካው ታጥቦ የሚለቅ ከሆነ ምን ችግር አለው አለኝ። ግን ነገሩ የሃይማኖት ሕግ አልነበረም። ማንም ሳይጠይቅ ያልፍ የነበረው ምግብ፣ አሁን መጠየቅ የሚያስፈልገው ምግብ ሆነ። እማማ ላለመጠየቅ ብላ ነው “ገዝቻለሁ” ያለችው፤ እናቴን ላለማሳፈር። እናቴ ራሷም ያን ጎመን አርብ ቀን ልትበላው አልቻለችም። ለዶሮዎቹ ደፋችው።

እንግዲህ ያን ያህል ተፍልቶ፣ በርዶ፣ ተጨምቆ፣ ታስሮ፣ ተቆጥሮ፣ አራት ወር መብራት ተከፍሎበት፣ ጎመኑ ድሮ በመስከረም ይሄድበት የነበረው ቦታ ሄደ።

ለፋሲካ ስሄድ ፍሪዘሩን ከፍቼ አየሁት። ሥጋ ሁሉ የመጨረሻው፣ የታችኛው መሳቢያ ውስጥ ገብቷል፤ ከሱ በታች የሚንጠባጠብበት ነገር የለም። እኔ አልነገርኳትም። ይሄ መጀመሪያ ስገጥመው ላስበው የሚገባ ነገር ነበር፣ ለዚህ ነው እኮ አምስት ዓመት ምህንድስና የተማርኩት። ሠንጠረዡ ላይ የመጨረሻው የተጻፈው ጥር ላይ ነው። ለምን እንደተወችው አልጠየቅኳት፣ እሷም አላነሳችው።

ዘንድሮ ክረምት ደህና ዘነበ። መስከረም ላይ ደውዬ ስንት መሳቢያ እንደሞላች ጠየቅኳት። ሁለት አለች። በአጥሩ በኩል ያሉትን ሁለት መስመር ጎመን አልነካቻቸውም። ለእማማ የልጅ ልጅ፣ ለትንሿ፣ “ግቢና ራስሽ ቅጠፊ” ብላታለች። ለምን እንዲህ እንዳደረገች ስጠይቃት “በዛብኝ፣ ወገቤን አመመኝ፣ ማን ሁሉን ሲያፈላ ይውላል” አለች። ይሁን።

“መጥታ ታውቃለች?” አልኳት።

“አንዴ። ጎመኑን በሻሿ ቋጥራ ሄደች፣ ሳፋዋን ረስታዋለች። ይኸው እዚህ ነው ያለው።”